በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን የኖራ ቅርፊት ያለ ጉዳት ስለ ማስወገድ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት፤ ለጨንቻና ለአካባቢው

መግቢያ

በየቀኑ ውኃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ወይም በራድ ከጊዜ በኋላ በውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱ በመጀመሪያ እንደ ስስ ዱቄት ይታያል፤ እየዋለ ሲያድር ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከዚያም እየተቀረፈ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይዘቅጣል፤ የማንቆርቆሪያውን አፍ ያጠብባል። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት ወይም የማኅበሩ ሻይ ቤት ሠራተኛ አንድ መላ መፈለጓ አይቀርም።

እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚሁ መላ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ግን ቅርፊቱ ራሱ ለጤና አደገኛ አለመሆኑ ነው። ከእንቁላል ቅርፊት ጋር በዓይነቱ አንድ የሆነ ኖራ ነው። ጉዳት የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ተብሎ ሰውንም ዕቃንም የሚያቃጥል ነገር ሲጨመር ነው። ሁለተኛው፣ ማንቆርቆሪያው ንጹሕ ስለሆነ ውኃውም ንጹሕ ነው ተብሎ ሲታመን ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ዕቃው ጽዳት ሲያስተምሩ እነዚህን ሁለት ነጥቦች ሳይነጣጥሉ እንዲያስረዱ እናሳስባለን።

1. ቅርፊቱ ከየት ይመጣል?

የዝናብ ውኃ ከሰማይ ሲወርድ በውስጡ ኖራ የለበትም። ነገር ግን ከአየርና በተለይም ከአፈር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይዞ በመጠኑ ይኮመጥጣል። ይህ ውኃ በድንጋይና በአፈር መካከል ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት እያሟሟ ይሄዳል። ማዕድናቱ ስለ ሟሙ በዓይን አይታዩም፤ ውኃውም ኩልል ያለ ይመስላል።

ውኃው ሲሞቅ ጋዙ ይወጣል። ጋዙ ከወጣ በኋላ ኖራው ሟሙቶ ሊቆይ ስለማይችል ተመልሶ ጠጣር ይሆንና ሙቀት በበዛበት በዕቃው ግርጌና ጎን ላይ ይለጠፋል። ማንቆርቆሪያው ሳይታጠብ በትናንቱ ውኃ ላይ የዛሬው ሲጨመር ክምችቱ ይፈጥናል።

ብዙ ማዕድን የያዘ ውኃ ከባድ ውኃ፣ ጥቂት የያዘ ደግሞ ለስላሳ ውኃ ይባላል። ከባድ ውኃ ሳሙና ያባክናል፤ ስለሆነም ልብስ አጣቢም ሆነ ጥጥና ድር የሚያጥብ ሸማኔ ልዩነቱን በእጁ ያውቀዋል።

2. የደጋና የቆላ ውኃ ልዩነት

ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የጋሞ ደጋ ከተማ ናት። አርባ ምንጭ ደግሞ ከእርሷ በስተ ደቡብ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ከ1,300 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ።

በአጠቃላይ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውኃ በመሬት ውስጥ ብዙ ሳይቆይ በምንጭ ስለሚወጣ የሚያሟሟው ማዕድን ጥቂት ይሆናል። ወደ ቆላ እየሰረገ ወርዶ ረጅም ጊዜ በመሬት ውስጥ የቆየ ውኃ ግን ብዙ ማዕድን ይይዛል። ሆኖም ምንጭ ከምንጭ፣ ጉድጓድ ከጉድጓድ ይለያል። ስለሆነም በግምት ከመናገር ይልቅ የሚከተለውን ቀላል ፈተና ማድረግ ይበጃል።

የሳሙና ፈተና፦ ሁለት እኩል የሆኑ ንጹሕ ጠርሙሶች ይዘጋጁ። በአንደኛው ከጣሪያ ሳይሆን በቀጥታ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ፣ በሁለተኛው ደግሞ የሚመረመረው ውኃ እስከ ግማሽ ይሞላ። በሁለቱም ላይ እኩል መጠን ያለው የተፋቀ የልብስ ሳሙና ይጨመርና ጠርሙሶቹ እኩል ይናጡ። የዝናቡ ውኃ ብዙ አረፋ ይሠራል። የሚመረመረው ውኃ አረፋው ትንሽ ሆኖ በላዩ ላይ እንደ እርጎ የተቋጠረ ነጭ ዝቃጭ ከታየበት ከባድ ውኃ ነው። ለዚህ ፈተና የዱቄት ሳሙና አያገለግልም፤ በከባድ ውኃም ውስጥ ስለሚያረፋ ያሳስታልና።

3. ቅርፊት የሆነውንና ያልሆነውን መለየት

በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታይ ነገር ሁሉ ኖራ አይደለም። መድኃኒቱ የሚሠራው ለኖራ ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ሀ/ ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ በጥፍር ሲነካ የሚሻክርና የሚቀረፍ፦ ኖራ ነው።

ለ/ ቡናማ ሆኖ ስስ ሽፋን የሚመስል፦ ከሻይ ወይም ከቡና ቅጠል የሚወጣ ቀለም ነው። በሙቅ ውኃና በሳሙና እየታሸ ይለቃል።

ሐ/ ቀይ ሆኖ እንደ ዝገት የሚታይ፦ በውኃው ወይም በቧንቧው ውስጥ ያለ ብረት ነው፤ ወይም የኢናሜሉ ሽፋን ተፈንክቶ ሥሩ ያለው ብረት ዝጎ ይሆናል።

መ/ በአሉሚኒየም ዕቃ ውስጥ የሚታይ ጥቁረት፦ ውኃ ሲፈላ የብረቱ ገጽ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ጉዳት የለውም፤ ማስለቀቅም አያስፈልግም።

እርግጠኛ ለመሆን የቅርፊቱን ፍርፋሪ በማንኪያ ላይ አድርጎ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ማፍሰስ ነው። ኖራ ከሆነ ወዲያውኑ እየተንጫጫ አረፋ ይሠራል።

4. መቼ መወገድ አለበት?

እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ሽፋን ሁልጊዜ መወገድ የለበትም። በተለይ በአሉሚኒየም ዕቃ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ብረቱን ከውኃው ስለሚለይ እንዲያውም ይጠቅማል። ዕቃው እስኪያብረቀርቅ ድረስ በየሳምንቱ መፋቅ ብረቱን ማሳሳት ነው።

ማስወገድ የሚገባው፦ ቅርፊቱ እየተቀረፈ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ፣ የማንቆርቆሪያው አፍ ሲጠብ፣ ወይም በኤሌክትሪክ ማፍያ ላይ የማሞቂያው ክፍል በቅርፊት ሲሸፈን ነው። በኤሌክትሪክ ማፍያ ላይ ቅርፊት ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውኃው ስለማይተላለፍ ማሞቂያው ከመጠን በላይ ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

ስለ ማገዶ አንድ ነገር እናስታውስ። ኖራ ሙቀትን ለማስተላለፍ ከአሉሚኒየም በመቶ እጥፍ ያህል የደከመ ነው። ይሁን እንጂ በጉልቻ ላይ በሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀት የሚባክነው በዕቃው ጎን ወደ አየር በመውጣት ነው። ስለሆነም ቅርፊት ማስወገድ ብዙ እንጨት ያተርፋል ብሎ ለገበሬው ተስፋ መስጠት ልክ አይደለም። እንጨት የሚያተርፈው ማንቆርቆሪያውን መክደን፣ እሳቱን ከነፋስ መከለልና የተሻሻለ ምድጃ መጠቀም ነው።

5. ለማስወገጃ የሚያገለግሉ ነገሮች

ኖራ የሚሟሟው በኮምጣጣ ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሦስቱ ለምግብም ስለሚውሉ በጥንቃቄ ከተያዙ አደጋ የላቸውም።

ሎሚ፦ ከቆላ ወደ ደጋ ገበያ የሚወጣ ነው። ለአንድ ሊትር ውኃ የ5 ሎሚ ጭማቂ ይበቃል። የደረቀና ለምግብ የማይፈለግ ሎሚም ጭማቂ እስካለው ድረስ ያገለግላል።

አቼቶ፦ በሱቅ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 በመቶ ኮምጣጤ አሲድ የያዘ ነው። 5 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር አቼቶ ቢበዛ 40 ግራም ያህል ኖራ ያሟሟል። አረፋው ሲቆም ኃይሉ አልቋል ማለት ስለሆነ ማቆየቱ አይጠቅምም፤ መለወጥ አለበት። ሳይቀጠን የሚሸጥ ጠንካራ አሲድ ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መግዛት አይገባም።

የአፕል ኮምጣጤ፦ የጨንቻ ደጋ በአፕል የታወቀ ነው። ወድቆ የተቀጠቀጠውና ለገበያ የማይሆነው ፍሬ ለዚህ ሥራ ሊውል ይችላል። የሻገተው ክፍል ተቆርጦ ይጣላል። ቀሪው ታጥቦና ተከትፎ በሸክላ፣ በጠርሙስ ወይም ለምግብ በተሠራ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጨመራል፤ የብረት ዕቃ አያገለግልም። ፍሬው እስኪሸፈን ውኃ ይጨመርበትና ለአንድ ሊትር 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ይታከላል። ዕቃው በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይሸፈን እንጂ አይታፈን። እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ በየቀኑ ይማሰላል፤ ከዚያ ተጣርቶ ፈሳሹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀመጣል። በደጋው ብርድ ከዚህም በላይ ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያ ስኳሩ ወደ አልኮል፣ ቀጥሎም አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። መድረሱን ለማወቅ የእንቁላል ቅርፊት ቁራጭ ይጨመርበት፤ በቅርፊቱ ላይ አረፋ በብዛት ከታየ ለሥራ ደርሷል። በቤት የተሠራ ኮምጣጤ ኃይሉ ስለማይታወቅ ምግብ ለማቆየት ሳይሆን ለጽዳት ብቻ ይዋል።

6. አሠራር

ለሁሉም ዓይነት ዕቃ አስቀድሞ ውኃው ይደፋ፤ የላላው ቅርፊት በውኃ ተንቀጥቅጦ ይውጣ። ከዚያ በኋላ እንደ ዕቃው ዓይነት እንደሚከተለው ይሠራል።

ሀ/ ኢናሜልና የማይዝግ ብረት

አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ውኃ ጋር ይቀላቀልና ቅርፊቱን እስኪሸፍን ይጨመር። ክዳኑ ተነሥቶ እንፋሎት እስኪጀምር ብቻ ይሙቅ፤ አይፍላ። ከእሳት ወርዶ አንድ ሰዓት ይቆይ። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ፈሳሹ ተለውጦ ይደገም። የማይዝግ ብረት ሳይሞቅ ሌሊቱን ሊያድር ይችላል። ኢናሜሉ የተፈነከተ ከሆነ ግን አሲዱ ሥሩ ያለውን ብረት ስለሚበላ ማሳደር አይገባም።

ለ/ አሉሚኒየም

በብዛት የሚገኘው ይህ ነው፤ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ይኸው ነው። አሉሚኒየም በኮምጣጣም በአመድ ውኃም ይበላል። ስለዚህ አንድ እጅ አቼቶ ከሦስት እጅ ለብ ያለ ውኃ ጋር፣ ወይም ከዚህ በላይ በተሰጠው መጠን የሎሚ ውኃ ይጨመር። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ይደፋ። ቅርፊቱ ካልለቀቀ በአዲስ ፈሳሽ ይደገም እንጂ ጊዜው አይርዘም። ማፍላትና ማሳደር ክልክል ነው። በተለይም ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በእጅ የተሠራ ዕቃ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ኮምጣጣ ነገር በውስጡ ማቆየት አይገባም።

ሐ/ የኤሌክትሪክ ማፍያ

ውኃ አፍልቶ ከሶኬት መንቀል ይቀድማል። ከዚያ የሎሚው ጭማቂ ወይም አቼቶው ቀስ በቀስ ይጨመር፤ ባንድ ጊዜ ከፈሰሰ አረፋው ገንፍሎ እጅ ያቃጥላል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይደፋ። ዕቃው በምንም ምክንያት ውኃ ውስጥ አይነከር።

መ/ የሸክላ ጀበና

ሸክላ ፈሳሽ ስለሚመጥ ኮምጣጣ ነገር አይጨመርበት። ውኃ አፍልቶ እያንቀጠቀጡ መድፋት ይበቃዋል።

ለሁሉም በመጨረሻ፣ የለሰለሰው ቅርፊት በእንጨት ዘንግ ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ወይም በእንሰት ቃጫ ይታሽ። የማንቆርቆሪያው አፍ በቀጭን እንጨት ይጠረግ። ዕቃው ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። ከዚያም ውኃ ሞልቶ አፍልቶ የመጀመሪያውን መድፋት ነው፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ለመጠጥ ይሆናል።

7. ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው

የመኪና ባትሪ አሲድ፦ ዓይን ያጠፋል፤ ቆዳና ጉሮሮ ያቃጥላል። ከባትሪ የወጣ አሲድ እርሳስ አለበት። በዚህ ላይ ኖራውን ወደ ጀሶ ስለሚለውጠውና ጀሶ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ሥራውንም በደንብ አይሠራም።

ኮስቲክ ሶዳና የአመድ ውኃ፦ ኖራን አያሟሙም፤ አሉሚኒየምን ግን ይበላሉ። ኮስቲክ ሶዳ ሰውንም ክፉኛ ያቃጥላል።

በረኪና፦ ኖራን አያስለቅቅም። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሁለቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ አይገናኙ።

ቢላዋና የሽቦ መፈተጊያ፦ ኢናሜሉን ይፈነክታሉ፤ አሉሚኒየሙን ያሳሳሉ። የተጫረው ቦታ ደግሞ አዲስ ቅርፊት ቶሎ ይይዛል።

ባዶ ዕቃ አግሎ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት፦ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ኢናሜሉም አብሮ ይሰነጠቃል፤ የሚፈናጠረው እንፋሎት ፊት ይልጣል።

የፀረ ተባይ ዕቃ፦ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስ፣ ጣሳ ወይም መለኪያ ቢታጠብም ለዚህ ሥራ አይውልም።

አቼቶም ሆነ ሌላ የጽዳት ፈሳሽ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥ። ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። አሲድ ወይም ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ። የዋጠ ሰው ካለ አፉን ይጉመጥመጥ፤ እንዲያስታውክ ማስገደድ ግን ጉሮሮውን ሁለተኛ ጊዜ ማቃጠል ነው። ጠርሙሱ ተይዞ በሽተኛው በፍጥነት ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

8. ማንቆርቆሪያው ጠራ ማለት ውኃው ጥሩ ነው ማለት አይደለም

ቅርፊት የሚናገረው በውኃው ውስጥ ኖራ ስለ መኖሩ ብቻ ነው። ስለ ጀርም አይናገርም። ከደጋ ምንጭ የተቀዳ፣ ቅርፊት የማይይዝ ለስላሳ ውኃ፣ ከብቶች የሚረግጡት ከሆነ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። መፍላት ጀርም ይገድላል። በጨንቻ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ይህ ሙቀት በቂ ነው፤ ነገር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል።

ስለ ፍሎራይድም አይናገርም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን በብዛት ይገኛል። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንትም ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፍሎራይድ የሚበዛው ብዙ ጊዜ ካልሲየም ጥቂት በሆነበት ውኃ መሆኑ ነው፤ ካልሲየም ሲበዛ ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጣልና። ስለዚህ በቆላ ጉድጓድ ውኃ ማንቆርቆሪያው ቅርፊት አለመያዙ የደኅንነት ምልክት አይደለም።

ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት እየቀነሰ ሲሄድ የቀረው ይበልጥ ይበረታል። ቅርፊት ማስወገድም ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። ከደጋ ወርደው በሐይቆቹ አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች የልጆቻቸው ጥርስ በልዞ ከታየ ወይም አዲስ ጉድጓድ ከተቆፈረ የውኃው ናሙና በወረዳው የውኃና የጤና ጽሕፈት ቤቶች በኩል እንዲመረመር መጠየቅ ይገባል። መፍትሔውም ሌላ የውኃ ምንጭ፣ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ወይም ለፍሎራይድ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ነው።

9. ቅርፊት እንዳይከማች መከላከል

ማታ ማታ ማንቆርቆሪያውን ባዶ አድርጎ ደፍቶ ማድረቅ፤ በአሮጌ ውኃ ላይ አዲስ አለመጨመር፤ ከሚያስፈልገው በላይ አለማፍላት፤ ሁለት ምንጭ ካለ ለስላሳውን ለማፍያ መምረጥ፤ ቅርፊቱ ሳይጠነክር ገና ስስ ሳለ በወር አንድ ጊዜ መመልከት።

10. ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ለማሳያ የሚያስፈልጉት ሦስት ብርጭቆዎች፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ፣ የማንቆርቆሪያ ቅርፊት፣ የእንቁላል ቅርፊትና የወንዝ ጠጠር ናቸው። ሦስቱ ለየብቻ በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ይጨመራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አረፋ ያወጣሉ፤ የአካባቢው ጠጠር ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ተሰብሳቢው ይህን ካየ በኋላ ቅርፊቱ ምን እንደ ሆነና ለምን ባትሪ አሲድ እንደማያስፈልግ ረጅም ንግግር ሳያሻው ይረዳል። ሁለተኛው ማሳያ የሳሙናው ፈተና ነው፤ ተሰብሳቢዎች ከየሰፈራቸው ውኃ ይዘው ቢመጡ ይበልጥ ይማሩበታል።

የሻይ ቤት ወይም ምግብ ቤት ያለው ማኅበር ሥራውን ለአንድ ኃላፊ ይስጥ፤ ዕቃው የጸዳበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። የጽዳት ፈሳሽ ሁሉ ስሙ ተጽፎበት ከምግብ ተለይቶ ይቆለፍበት። በጽዳት ላይ ባለ ማንቆርቆሪያ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ ለደንበኛ እንዳይቀዳበት ይህ ትንሽ ምልክት ትልቅ ጥፋት ያድናል።

ማጠቃለያ

- ቅርፊቱ ኖራ ነው፤ እርሱ ራሱ አይጎዳም።
- ሎሚ፣ አቼቶ ወይም የአፕል ኮምጣጤ ይበቃዋል። ለአሉሚኒየም ጊዜው ከ20 ደቂቃ አይበልጥም።
- ባትሪ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳና በረኪና ወደ ማንቆርቆሪያ አይገቡም።
- የጠራ ማንቆርቆሪያ የውኃ ምርመራን አይተካም። መፍላት ጀርምን እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ካሉት ምንጮች የትኛው ለስላሳ፣ የትኛው ከባድ ውኃ ነው? በሳሙና ፈትኑ።
2. በማኅበራችሁ ግቢ ውስጥ ስሙ ያልተጻፈበት የፈሳሽ ጠርሙስ አለ? የት ተቀምጧል? ማን ይደርስበታል?
3. የምትጠጡት ውኃ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው? ውጤቱስ ከማን ዘንድ ይገኛል?